የእሑድ ዕረፍት ለእናትም ይድረስ

ውድ አንባቢ፤ ባለፈው እሑድ ምን ሲሠሩ ዋሉ? የሳምንቱን ልብስ አጥበው፣ እንጀራ ጋግረው፣ የልጆችን ፀጉር ሠርተው፣ የመጣውን እንግዳ አስተናግደው፣ ማታ ደግሞ ለሰኞ የሚለበሰውን ሲተኩሱ አምሽተው ከሆነ በዚህ ብቸኛ አይደሉም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየፋብሪካው የሚሠሩ ብዙ እናቶች እሑድን የሚያውቋት ሥራ የሚያቆሙባት ሳይሆን የሥራ ቦታ የሚቀይሩባት ቀን አድርገው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአዋጁ ለሚተዳደር ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ የሳምንት ዕረፍት ይሰጣል። ድርጅቱ ይህን ዕረፍት ቢከለክል የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይጠይቀዋል። የወጥ ቤቱን ሰዓት ግን የሚቆጣጠር የለም። እዚያ ሕግ የሚያወጡትም፣ ሕግ የሚያስከብሩትም ባልና ሚስት፣ ልጆችና አያቶች ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብኩት አንድ ቤተሰብ ይህን የቤት ውስጥ ሕግ ለአንድ ቀን ለማሻሻል ያደረገውን ሙከራ ነው። ሙከራው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል አልልም። ሆኖም ከተሳካውም ካልተሳካውም የምንማረው አለ።

ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ቦታው በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ፣ ዘመሮ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አክስቴን ልጠይቅ ከአዲስ አበባ ሄጄ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ እሳቸው ዘንድ ሰነበትኩ። አክስቴ የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው መምህርት ናት፤ ባለቤቷም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የ15 ዓመት ወንድ፣ የ13 ዓመት ሴትና የ8 ዓመት ትንሽ ወንድ ልጅ አሏቸው።

ጥር ለመንዝ ደገኛ ትንሽ ትንፋሽ የሚገኝበት ወር ነው። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቀን ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች፤ ሌሊት ግን ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ይታያል። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር የሚሠራውን ባና ከትከሻው የማያወርደው ወዶ አይደለም።

የቅዳሜ ማታ ስምምነት

እሳቱን ከበን እንደተቀመጥን አባትየው የእሑድን ውሎ ለወንዶቹ ልጆች ይዘረዝርላቸው ጀመር። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት የአካባቢውን አእዋፍ መዝግቦ እንዲያመጣ የቤት ሥራ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ጠዋት ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደው ወፍ ያያሉ። ከዚያ ተመልሰው ምሳ ይበላሉ። በዘጠኝ ሰዓት ሜዳው ላይ ኳስ አለ። አመሻሹ ላይ ደግሞ እሱ ራሱ የአውሮፓን ጨዋታ ለማየት ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ይሄዳል።

«ነገ እንግዲህ ዕረፍት ነው» አለ፣ እጁን እሳቱ ላይ እያሟሟቀ።

«ለማን?» አለች ሚስቱ።

በድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር ቀና እንኳ አላለችም። ሴት ልጇ ግን ይህችን አንዲት ቃል ስትጠብቅ የቆየች ይመስል «እማዬ፣ እኔም እኮ ነገ ጨዋታ አለኝ» አለች። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር ለመጫወት ቀጠሮ ይዘዋል። ልጅቷ በረኛ ናት። ባለፈው እሑድ ውኃ ስትቀዳና እናቷን ስታግዝ ውላ ሳትሄድ በመቅረቷ ሌላ ልጅ ግብ ጠብቃ፣ ቡድኑ አምስት ግብ ተቆጥሮበታል። ነገም ከቀረች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጡባት ነግረዋታል።

«ውኃውን ማን ይቀዳል? ልብሱስ?» አለች እናቷ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አባትየውም ወደ እሳቱ ተመለከተ።

ዝምታውን የሰበሩት አክስቴ ናቸው። «ወፍ ለማየት ከሆነ እነዚህ ምን ያውቃሉ? እኔን ነው ይዞ መሄድ» አሉ። ቀጥለውም «ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም እንሄዳለን። ሥራውንም ሁላችንም እንሠራለን። ልብሱ አይሞትም፤ ሌላ ቀን ይታጠባል። እጁን ያላነሣ ግን ከምሳው አይቀርብም» ሲሉ ወሰኑ።

የአያት ቃል አይመለስምና እዚያው ሥራ ተከፋፈለ። ውኃ ለትልቁ ልጅ፣ እንጨቱና ድስቱ ለአባትየው፣ ቤት መጥረግና ስኒ ማጠብ ለትንሹ ተሰጠ። እንጀራው ቅዳሜውኑ ተጋግሯል። መምህርቷ «እናያለን» ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ወፍ ጠባቂዋ

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣን። ወፍ ማየት የጀመርነው እዚያው ነው። በሰሜኑ ደጋ ደን በተመናመነበት ሥፍራ ሁሉ ጽዱና ወይራው ተጠብቆ የቆየው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በመሆኑ፣ አእዋፍም የሚጠለሉት እዚያው ነው። ሰዓቱም ቢሆን አልረፈደም። በደጋ አገር ትላልቆቹ አሞሮች የሚነሡት ፀሐይዋ ገደሉን አሙቃ ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ነው። ያን አየር ተንተርሰው ክንፋቸውን ሳያራግቡ ይወጣሉ።

አክስቴ በአፋፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጅነታቸው አወጉን። አባታቸው ወደ ቆላው የማሽላ ማሳ ነበራቸው። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር እሳቸውና ወንድሞቻቸው ጎሕ ሳይቀድ ወርደው ማማ ላይ ይወጣሉ። ወንጭፍ እያስጮኹ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ እየጮኹ ፀሐይ እስክትጠልቅ ወፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። ግሪሳ የወረደበት ማሳ በአጭር ጊዜ ባዶ አገዳ ሆኖ እንደሚቀር ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። «ለእኛ ወፍ ማየት ጨዋታ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር» አሉ። ትልቁ ልጅ ደብተሩን ገልጦ ከአያቱ አጠገብ ተጠጋ። እሳቸው ወፉን ሳያዩ በድምፁ ብቻ ይለዩታል። «ይህ ቆቅ ነው፤ ያዳምጡት ሲሮጥ ነው እንጂ ሲበር አያገኙትም» እያሉ ያስመዘግቡታል።

ያን ዕለት ያየናቸውን ጥቂቶቹን ልንገርዎ። ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ መንቁሩ ወፍራምና ቆልመም ያለ ቁራ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ይህ ቁራ በዓለም ካሉት የቁራ ወገኖች ሁሉ ከትላልቆቹ አንዱ ሲሆን፣ መኖሪያው በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም በእኛው ደጋ የተወሰነ ነው። ቀጥሎ ከጉሮሯቸው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለባቸው፣ መንቁራቸው ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ጋጋኖዎች እየተንጫጩ አለፉ። እነዚህንማ አዲስ አበባ የሚኖሩ እናቶች ሁሉ ያውቋቸዋል፤ ጎሕ ሲቀድ በጣራ ላይ እየጮኹ ልጅ የሚቀሰቅሱት እነሱ ናቸው። ከገደሉ ሥር ደግሞ አጥንት ሰባሪው ትልቅ አሞራ ወጣ። ይህ አሞራ ምግቡ በአብዛኛው አጥንት ነው። የማይዋጠውን አጥንት ይዞ ከፍ ብሎ ይወጣና አለት ላይ ለቆት ይሰብረዋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አላወሩም።

በዚህ ወቅት ከሚታዩት አእዋፍ ብዙዎቹ እንግዶች ናቸው። እኛ በጋ የምንለው ጊዜ ለአውሮፓና ለእስያ ሰሜናዊ ክፍል ብርቱ ክረምት ነው። ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳዎች የሚነሡ ንስሮች፣ ጅራታቸውን የሚወዘውዙ ቢጫ ትንንሽ ወፎችና ሌሎችም ወደ አገራችን ይወርዳሉ። በኢትዮጵያ የታዩት የአእዋፍ ዝርያዎች ከ850 በላይ ሲሆኑ፣ ይህን ቁጥር ያደመቁት ነዋሪዎቹም እንግዶቹም ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ትንሹ ልጅ ከድንጋዩ መካከል ፍሬ የምትለቅም ቡናማ ትንሽ ወፍ አይቶ «ይቺስ?» አለ። አባቱ «እሷ ተራ ድንቢጥ ናት፤ አትጻፋት» አለው።

እኔም በዚህ ጊዜ የአንኮበሯን ወፍ ታሪክ ነገርኳቸው። የልጁ ወፍ ያችው ናት ለማለት አይደለም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበር ገደል አካባቢ፣ ጀርባዋ ቡናማ ሰረዝ ያለበት፣ ቀለሟ ዓይን የማይስብ ትንሽ ወፍ ትኖራለች። ከመሬት ላይ ፍሬ ለቅማ የምታድር ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1976 ድረስ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ አልነበረችም። በዚያ ዓመት ተገኘች፤ በ1979 ጆን አሽ የተባሉ የአእዋፍ ተመራማሪ ገልጸው ስም ወጣላት። ቆይቶም በመንዝ ጓሳ እንደምትኖር ታወቀ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለችም። በእረኛውና በእንጨት ለቃሚዋ ፊት ያን ሁሉ ዘመን ስትለቅም ኖራ ዓለም የሰማት ስትጻፍ ነው።

«እኛ ስናያት አልኖርንም ኖሯል?» አሉ አክስቴ እየሳቁ።

መምህርቷ ግን አልሳቀችም። «ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው» አለች። ከዚያም ወደ ልጇ ዞራ «ጻፋት፤ ስሟን ባናውቅም ጻፋት» አለችው።

ውድ አንባቢ፤ የቤት ሥራስ ከዚህ በምን ይለያል? ሁሉም ያየዋል፤ ማንም አይቆጥረውም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ጥናት አካሂዶ ነበር። ጥናቱ ደመወዝ የማይከፈልበት የቤት ውስጥ ሥራና የልጅ እንክብካቤ ከወንዶች ይልቅ እጅግ በበለጠ በሴቶች ትከሻ ላይ መሆኑን በሰዓት ለክቶ አሳየ። ይህ ለእናቶች አዲስ ወሬ አይደለም። አዲስ የነበረው መቆጠሩ ነው።

ከገደሉ ተመልሰን ስንነሣ አክስቴ በእጃቸው ወደ ጓሳ አቅጣጫ አሳዩን። ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የደጋ ሣር ምድር ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፣ የአንኮበሯ ወፍም ጭምር ዛሬ ድረስ የተረፉበት፣ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቀው ስለኖረ ነው። የአካባቢው ሰው ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶ፣ በስምምነት ከፍቶ በእኩል ያጭዳል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢቋረጥም፣ ሕዝቡ ቆይቶ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ ይዞታል። አክስቴ ይህን ካወጉን በኋላ «ሣር እንኳ ካልተስማሙበት ያልቃል» አሉ። ለማን እንደተናገሩ ሁላችንም ገብቶናል።

ከምድጃው ዙሪያ

ቁርሳችንን የበላነው እዚያው አፋፉ ላይ ነው፤ በሶ። ለከተማ እናቶች ይህን ምግብ ደግሜ ማስታወስ እወዳለሁ። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ ተፈጭቶ አንዴ ከተዘጋጀ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ጠዋት እሳት ማንደድ አያስፈልግም። ጥቂት ጨው ጨምሮ በውኃ ማሸት ነው፤ ለወደደ በርበሬ፣ ለልጆች ማር ይጨመራል። በነጠረ ቅቤ ከታሸ ደግሞ ጭኮ ይሆናል። ስለሆነም በሶ ያለበት ቤት እናት እሑድ ጠዋት ከምድጃ ሥር መንበርከክ የለባትም።

ለምሳ የተመረጠው የበግ ቅቅል ነበር። የተመረጠበትም ምክንያት ወጥ ያልሠራ እጅ እንኳ እንዳያበላሸው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ግራም የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ አጥቦ በሁለት ሊትር ውኃ መጣድ፤ ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ መግፈፍ፤ ከዚያ በደቃቁ የተከተፈ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ አውራ ጣት የሚያህል የተከተከተ ዝንጅብልና የሻይ ማንኪያ ግማሽ እርድ መጨመር፤ ከድኖ በመለስተኛ እሳት ማብሰል። ድንች የሚወድ ሥጋው ሊበስል ሲል ይጨምራል። ጨውና ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይገባሉ።

አባትየው ይህን ሁሉ እንደታዘዘው አደረገ። ልጁም ጀሪካኑን ተሸክሞ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አባትየው በር ላይ እንጨት ሲፈልጥ፣ ድስቱንም ሲያማስል ያዩ ጎረቤት «ምነው፣ እመቤቲቱ አሟት እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። «ኧረ ደኅና ናት፤ ወፍ ልታይ ሄዳ መጥታ ነው» ቢላቸው ይበልጥ ደነገጡ።

ችግር የመጣው ከሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ፤ ሥጋው አልበሰለም። አባትየው ድስቱን እየከፈተ ያያል፤ እሳቱን ይጨምራል። ይህ የእሱ ጥፋት አልነበረም። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱ ምንም ቢበረታ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። በአዲስ አበባም ቢሆን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላውም፣ አተሩም፣ ሥጋውም በደጋ አገር ዘግይቶ የሚበስለው በዚህ የተነሣ ነው። ለእናቶች ይህ ማለት ተጨማሪ እንጨት፣ ተጨማሪ ጭስና ተጨማሪ ሰዓት ነው። ጥራጥሬን ቅዳሜ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ሥጋን አሳንሶ መቁረጥ፣ ድስቱን ደጋግሞ አለመክፈትና ክዳኑ ላይ ክብደት ማድረግ ጊዜ ያሳጥራል። ባልየው ይህን ያወቀው ያን ዕለት ነው። ሚስቱ ግን ስታውቀው ኖራለች፤ የጠየቃት አልነበረም እንጂ።

መምህርቷ ሦስት ጊዜ ያህል ልታግዘው ተነሣች። አክስቴ ሦስት ጊዜ አስቀመጧት። «ተቀመጪ። ካልተቃጠለበት አይለምድም» አሏት። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ልጅቷ ቅቅሉን መጠበቅ አልቻለችም። ደረቅ እንጀራ በአዋዜ ጠቅልላ ይዛ እየበላች ወደ ሜዳው ሮጠች። እኛም ቅቅሉን ቀምሰን በስተኋላዋ ተከተልን። ጨው ተረስቶ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

ሜዳው ላይ

ያ ሜዳ በገና ሰሞን ወንዶቹ ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር የሚያሳድዱበት ነው። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ አይለይም፤ የተመታ አይቆጣም ይባላል። ሴቶች ግን ዳር ቆመው የሚያዩ እንጂ የሚጫወቱ አልነበሩም። አሁን እዚያው ሜዳ ላይ ሴቶች ልጆች ጫማ በድንጋይ ምትክ አስቀምጠው ግብ ሠርተዋል።

የአገራችን ኳስ ከጥር እሑድ ጋር የቆየ ቀጠሮ አለው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በዚያን ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም የኢትዮጵያ ቡድን በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነትና በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፣ በተጨማሪ ሰዓት የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። የአገሪቱ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ድል ይኸው ነው። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጥቂት ሰው የሚያስታውሰው ግን በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ሉሲ፣ በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ መውጣቱን ነው። እነዚያም ተጫዋቾች በየሰፈሩ ከሚቀዳ ውኃና ከሚጠረግ ቤት ተርፈው ሜዳ የደረሱ ልጆች ነበሩ።

መምህርቷ ልጇ ስትጫወት ስታይ ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነው። እንዝርቷን ይዛ መጥታ ነበር፤ ቆማ እየፈተለች ልታይ። አክስቴ ቀስ ብለው እንዝርቱን ከእጇ ወሰዱና ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት ትንሽ ተንቆራጠጠች። ከዚያ ጨዋታው ያዛት።

ልጅቷ አንድ ግብ ገባባት። ሁለተኛውን በሁለት እጇ አወጣች። እንደገና አንድ ገባባት። ቡድኗ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንዲት አጥቂ ብቻዋን መጥታ ስትመታ ልጅቷ ተወርውራ በደረቷ ስትይዛት፣ ከሁላችን በላይ የጮኸችው እናቷ ናት። ከጎኗ የቆመች ሴት «የማን ልጅ ናት?» ብላ ስትጠይቃት «የእኔ ናት!» ያለችው ግማሹ ሜዳ እስኪዞር ድረስ ነበር። ልጅቷ ቦታዋን አላጣችም። በሚቀጥለውም እሑድ በረኛዋ አንቺ ነሽ ተባለች።

ማታውስ?

እስካሁን ያወጋሁዎት ደስ የሚለውን ነው። ማታ ቤት ስንገባ ግን ያልታጠበው ዕቃ ተቆልሎ ጠበቀን። ዕቃ ማጠብ ለማን እንደሚደርስ ቅዳሜ ማታ ማንም አላነሣም ነበር። አባትየው ሰዓቱን አየ፤ የአውሮፓው ጨዋታ ሊጀመር ነው። ጃኬቱን አንሥቶ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። መምህርቷ ምንም ሳትል እጅጌዋን ሰበሰበች። ትልቁ ልጅ አንድ አፍታ አባቱ የወጣበትን በር፣ አንድ አፍታ እናቱን አየ። ከዚያ ያመጣውን ውኃ ሳፋው ላይ ገለበጠና ከጎኗ ቁጢጥ አለ።

ዕቃው ካለቀ በኋላ መምህርቷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ዛሬ ሁለት ሰዓት ያህል ሥራ ሳልሠራ ቁጭ ብያለሁ። ወጣትም ሆኜ እንዲህ ያለ እሑድ አላስታውስም» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ በልቧ ስትቆጥረው ውላለች ማለት ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ በስልክ ጠየቅኋት። ውኃው በልጁ እጅ ጸንቷል። እሑድ ልብስ እንዳይታጠብ የተባለውም ጸንቷል። ልጅቷ አንድም ጨዋታ አላመለጣትም። ሽንኩርቱና ድስቱ ግን ቀስ በቀስ ወደ እሷ ተመልሰዋል። «አንዳንድ እሑድ ቅቅል ይሠራል፤ ጨው አሁን አይረሳም» ብላ ሳቀች።

በከተማም ይቻላል

ውድ አንባቢ፤ ይህን ለማድረግ ዘመሮ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከሆኑ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልና የእንጦጦ ተራራ አለልዎ። በአምቦ መንገድ የገፈርሳ ግድብ ዳር በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ማየት ይቻላል። የትራንስፖርቱ ወጪ ከከበደዎትም በግቢዎ ያለው ዛፍና የጎረቤት ጣራ ይበቃል። አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ባይኖር ዓይን፣ ደብተርና አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይበቃሉ። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ካለዎት ወንጭፉን ብቻ አይንጠቁት፤ በምትኩ እርሳስ ይስጡት።

ከሁሉ በፊት ግን ቅዳሜ ማታ የእሑድን ሥራ በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ አንድም ሳይቀር። ውኃ፣ እሳት፣ ሽንኩርት፣ ድስት፣ ዕቃ ማጠብ፣ ልብስ፣ ቤት መጥረግ፣ የልጅ ገላ። ዘመሮ ላይ የተረሳው ዕቃ ማጠብ በመጨረሻ ያረፈው በማን ላይ እንደሆነ አይተናል። ያልተጻፈ ሥራ ዞሮ ዞሮ ወደ እናት ነው የሚሄደው። ከተጻፈ በኋላ ባልም ልጅም በየስሙ ይውሰድ። ወጡ ጨው ቢያንሰው ዝም ብለው ይብሉ፤ ተነሥተው ካስተካከሉት ሥራው ተመልሶ የእርስዎ ይሆናል። ሴት ልጅዎም የምትጫወትበት ሰዓት እንደ ወንድሟ ሰዓት ይከበርላት።

በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ መሥመር ይጨምሩ፤ «የእናት ዕረፍት፣ ሁለት ሰዓት»። ልጆችዎ አንብበው ይጠይቁ። ባለቤትዎም «ነገ ዕረፍት ነው» ሲልዎ፣ «ለማን?» ከማለትዎ በፊት መልሱን ከወረቀቱ ላይ ያገኘዋል።

መልካም እሑድ ይሁንልዎ።